የልጁ ካሳ፣ የወላጅ ይቅርታ

ሕፃን ሲወለድ አንጎሉ ኦክስጅን አጥቶ፣ ወይም ትከሻው ተይዞ የክንዱ ነርቭ ተጎድቶ ዕድሜ ልኩን የሚዘልቅ ጉዳት ሲደርስበት፣ ወላጆቹ ሐኪሙን ወይም ሆስፒታሉን ከሰው ካሳ መጠየቃቸው በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ በሕክምና ስህተት ከሚቀርቡት ክሶች እጅግ ከፍተኛ ገንዘብ ከሚጠየቅባቸው መካከል እነዚህ ይገኛሉ፤ የሚሰላው አንድ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ የሚያስፈልገው እንክብካቤ ስለ ሆነ ነው። ክሱ የሕግ ጉዳይ ቢሆንም አማኝ ወላጅን በሌላ በኩል ይፈትነዋል። እግዚአብሔር ያመጣው ነው የተባለውን ነገር በፍርድ ቤት መከራከር ይገባልን? ይቅር ማለት ታዞ ሳለ ካሳ መጠየቅ እንዴት ይሆናል? የልጅ ጉዳትስ በገንዘብ ይተመናልን? የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ የሚወሰነው ካሳው የማን ነው በሚለው አራተኛ ጥያቄ ነው።

ወደዚያ ከመድረስ በፊት ግን ምን እንደ ደረሰ ማወቁ ራሱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ዊልያም ጆን ሊትል ለለንደን የማዋለድ ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ የሕፃናትን የእጅና የእግር መገታተር ከአስቸጋሪ ምጥ፣ ያለ ጊዜ ከመወለድና ሲወለዱ ከመታፈን ጋር አያያዘው። ዛሬ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ሁኔታ ለረጅም ጊዜ «የሊትል በሽታ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ ያኔ በነርቭ ሕክምና የሚታወቀው ሲግመንድ ፍሮይድ ነገሩን ገለበጠው፤ ምጡ የከበደው ሕፃኑ ቀድሞውኑ በማህፀን ሳለ ተጎድቶ ስለ ነበር ሊሆን ይችላል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ለፍሮይድ ያደላሉ። ከ1,000 ሕፃናት ሁለቱ ገደማ ሴሬብራል ፓልሲ ይኖርባቸዋል፤ በምጥ ጊዜ በደረሰ የኦክስጅን እጦት የሚመጣው ግን ከአሥሩ አንዱ ገደማ ብቻ እንደ ሆነ ይገመታል።

በክሱ ዋነኛው ማስረጃ የጽንሱን የልብ ምትና የማህፀኑን መኮማተር ጎን ለጎን የሚያትም ረጅም ወረቀት ነው። ጤናማ ጽንስ ልቡ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል፤ መስመሩም ጥቂት ጥቂት ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ምጡ ሲጠና ምቱ ወርዶ ይመለሳል። ለመመለስ ሲዘገይ፣ ወይም ከፍ ዝቅታው ጠፍቶ መስመሩ ቀጥ ሲል ነው የሚያሰጋው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሦስት ምጥ የያዛቸው እናቶችን የምትከታተል አዋላጅ ያየችው ወረቀትና ከዓመታት በኋላ የባለሙያ ምስክር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የሚያየው ወረቀት አንድ ነው። ንባቡ ግን ይለያያል፤ የሕፃኑን መጨረሻ አስቀድሞ የሚያውቅ ሐኪም ያንኑ መስመር ይበልጥ ክፉ አድርጎ እንደሚያነበው በጥናት ታይቷል። ማሽኑ ራሱም የተጣለበትን ተስፋ ሁሉ አልሞላም። አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን መንቀጥቀጥ ቀንሷል፤ ሴሬብራል ፓልሲን ግን አልቀነሰም። በአንጻሩ በቀዶ ሕክምና መውለድን አብዝቷል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ከመቶ 5 ገደማ የነበረው ዛሬ ከመቶ 32 ገደማ ደርሷል። ለጭማሪው ብዙ ምክንያት ቢኖረውም የክስ ፍርሃት አንዱ እንደ ሆነ ሐኪሞች ራሳቸው ይናገራሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ጥፋት የለም ማለት አይደለም። ወረቀቱ ለሰዓታት አደጋ ሲያሳይ ሐኪም ሳይጠራ የቀረበት፣ ምጥ የሚያፋጥነው መድኃኒት ከልክ በላይ የተሰጠበት፣ ታፍኖ የተወለደ ሕፃን በ6 ሰዓት ውስጥ ሊጀመርለት የሚገባው ሰውነትን እስከ 33.5 ዲግሪ የማቀዝቀዝ ሕክምና በቸልታ ያመለጠበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ አንዳንዴ ዝምታ ነው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በወሰነው አንድ ጉዳይ፣ የስኳር ሕመም ያለባትና ቁመቷ አጭር የሆነች እናት ሕፃኗ በትከሻው የመያዝ ዕድሉ ከመቶ 9 እስከ 10 እንደ ነበረ አልተነገራትም። ሐኪሟ ብነግራት በቀዶ ሕክምና ልውለድ ትላለች ብላ ነበር የተወችው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተወለደው ልጅ በትከሻው ተይዞ ለ12 ደቂቃ ታፈነ፤ ሴሬብራል ፓልሲ ያዘው፤ የአንድ ክንዱም ነርቭ ተጎዳ። ፍርድ ቤቱ 5.25 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ወሰነ። ከገንዘቡ ይበልጥ የሚከብደው ግን ውሳኔው ያቆመው መርህ ነው፤ አንዲት እናት በሰውነቷና በልጇ ላይ የተደቀነውን አደጋ የማወቅ መብት አላት፤ ለእርሷ የሚበጃት ባታውቅ ነው ብሎ የመወሰን ሥልጣን ሐኪም የለውም።

ካሳው የማን ነው ለሚለው ጥያቄ ሕግ የሰጠው መልስ ግልጽ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ሕግ ከመወለዱ በፊት በሌላው ጥፋት የተጎዳ ልጅ በሕይወት ከተወለደ ራሱ ከሳሽ እንደሚሆን ይደነግጋል። በወሊድ ክስ ላይ የልጁ ስም ከሳሽ ተብሎ ይጻፋል፤ እናት ወይም አባት ስለ እርሱ ይቆማሉ እንጂ ባለመብቶቹ እነርሱ አይደሉም። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም በ2ኛው አንቀጽ፣ የተጸነሰ ልጅ በሕይወት ተወልዶ መኖር የሚችል እስከ ሆነ ድረስ ጥቅሙ በሚጠይቅበት ጊዜ ሁሉ እንደ ተወለደ ይቆጠራል ይላል። የእንግሊዙ ሕግ አንድ ልብ የሚነካ ልዩነትም አድርጓል፤ ልጅ እናቱን እንዲከስ አይፈቅድም፤ መኪና ስትነዳ በቸልተኝነት ካደረሰችው ጉዳት በስተቀር። ያ ልዩ ሁኔታ የገባው በመኪናው ጉዳይ ከፋዩ ኢንሹራንሱ ስለሚሆን ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ይህንኑ እንኳ አልቀበልም ብሏል።

መብቱ የልጁ ከሆነ የይቅርታው ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። ብዙ አማኞች ከክስ የሚከለክላቸው የክርስቶስ የይቅርታ ትእዛዝ ነው፤ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ አማኞች በማያምኑ ዳኞች ፊት መካሰሳቸውን ነቅፎ መበደልን መቀበል ይሻላል ይላል። ይህ ምክር ከባድና እውነተኛ ነው። ነገር ግን የተነገረው የራሱን መበደል ለሚሸከም ሰው ነው። እናት በምጥ የደረሰባትን ፍርሃት፣ የሰማችውን ክፉ ቃል፣ ያልተከበረ ጥያቄዋን ይቅር ልትል ትችላለች፤ የራሷ ነውና። ልጇ በ30 ዓመቱ የሚያስፈልገውን አስታማሚ፣ ተሽከርካሪ ወንበርና በቱቦ የሚሰጠውን ምግብ ግን ስለ እርሱ ሆና ምሬያቸዋለሁ ልትል አትችልም። በሌላው ድርሻ የሚደረግ ቸርነት ይቅርታ አይባልም። ልጅ አደራ ነው የሚል እምነት ያለው ሰው የአደራ ገንዘብ የራስ ገንዘብ እንዳልሆነም ያምናል።

በእስልምና የሕግ ሊቃውንት ዘንድም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የካሳ መብት ሲኖረው፣ ሞግዚቱ ያለ ምትክ ትቶ የማለፍ ሥልጣን እንደሌለው በሰፊው የተያዘ አቋም ነው። አዋቂ ተበዳይ የራሱን ቢምር ምንዳ እንዳለው የሚያስተምረው ይኸው ሕግ በልጁ ሀብት ላይ ግን ሞግዚቱን ያስራል። ኦሪት በዘፀአት 21ኛ ምዕራፍ ባልንጀራውን መትቶ ያስተኛ ሰው ሥራ ያስፈታበትን እንዲከፍልና እንዲያሳክም ያዛል። የአይሁድ ሊቃውንት በሚሽና ይህን አስፍተው ጉዳት ያደረሰ ሰው በአምስት ነገር ይጠየቃል አሉ፤ በአካል ጉድለቱ፣ በሥቃዩ፣ በማሳከሚያው፣ በባከነው ጊዜና በደረሰው ኀፍረት። እዚያው ላይ የጨመሩት ነገር ዛሬ በፍርድ ቤቶች ይበልጡን ተረስቷል፤ አጥፊው ሁሉንም ከፍሎ እንኳ ተበዳዩን ይቅርታ እስኪለምን ድረስ አልተማረም። በክርስትናም ዘኬዎስ በበደለው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ ቤቱ ሲገባ ነው፤ ካሳው የንስሐው ፍሬ ሆኖ መጣ እንጂ ንስሐውን አልተካም። በነዚህ ሃይማኖቶች ሁሉ ክፍያና ይቅርታ ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

«እግዚአብሔር ያመጣው ነው» የሚለው ክርክር ሌላ ነው። በዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ ጌታ ሁለቱም አይደለም ይላል። ይህ መልስ በቅድሚያ የሚያሳርፈው እናትን ነው። ጉዳት ያለበት ልጅ ሲወለድ መንደሩ ወደ እርሷ ይዞራል፤ ምን በድላ ነው፣ ማን ረግሟት ነው፣ በእርግዝናዋ ጊዜ ምን ነክታ ነው ይባላል። ብዙ እናቶች ወደ ጠበቃ የሚሄዱት ገንዘብ ፍለጋ ብቻ ሳይሆን ይህንን ሸክም የሚያወርድ እውነት ፍለጋም ነው። ነገር ግን የጌታ መልስ የሰውን ቸልተኝነት ወደ ሰማይ አያሸጋግርም። ኦሪት ዘዳግም 22ኛ ምዕራፍ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ሰው እንዳይወድቅ መከታ እንዲያደርግለት፣ አለዚያ ግን ደሙ በቤቱ ላይ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። የወደቀውን ሰው ዕድሜ የሚያውቅ አምላክ ነው፤ መከታውን ያልሠራው ግን ባለቤቱ ነው። በእግዚአብሔር ፈቃድ ማመን ይህን ልዩነት ካጠፋ በጥፋተኛው ፈንታ እግዚአብሔርን ተከሳሽ ያደርገዋል።

ክሱ ከተጀመረ በኋላ ወላጅን የሚገጥመው ፈተና ከነዚህ ክርክሮች ይልቅ ይከብዳል። በአሜሪካ ጠበቆች ለዳኞች የሚያሳዩት የልጁን አንድ ቀን ውሎ የሚያሳይ ፊልም ያስቀርጻሉ። ካሜራው ልጁ ከአልጋ ሲነሳ ይጀምራል፤ እናት በሁለት እጇ አንሥታ ታለብሰዋለች፤ እጁ ስለማይዘረጋ እጅጌው ብቻ ደቂቃዎች ይወስዳል። በሆዱ በተተከለው ቱቦ ወተት ይወርዳል፤ አክታው በማሽን ይመጠጣል። ልጁ የሳቀበት ሰዓት ይኖራል፤ ያ ግን ለክሱ አይጠቅምም ተብሎ ሊቀር ይችላል። ወላጅ በቤቱ የሚችለውን ሁሉ የሚቆጥርለትን ልጅ በፍርድ ቤት በማይችለው ነገር ብቻ ያቀርበዋል። ከዚያ ደግሞ ልጁ ስንት ዓመት ይኖራል የሚለው ክርክር ይመጣል። የተከሳሽ ባለሙያዎች ዕድሜው አጭር ነው ሲሉ የሚከፈለው ያንሳል፤ የከሳሽ ባለሙያዎች ረጅም ነው ይላሉ፤ አባትና እናት መካከል ተቀምጠው የልጃቸው የሞት ዓመት ሲደራደሩበት ይሰማሉ። ይህ ጭካኔ የሚመነጨው ከማንም ክፋት አይደለም። ካሳ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ይከፈል ከሚለው አሠራር ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ዳኞች ካሳው በየዓመቱ ልጁ በሕይወት እስካለ ድረስ እንዲከፈል ማዘዝ መቻላቸው የዚህን ክርክር ክብደት በእጅጉ ያቀለለ ትክክለኛ እርምጃ ነው።

የፍልስፍናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይጠብቃል፤ ልጄ ተጎድቷል የሚል ወላጅ ልጄ ባይወለድ ይሻል ነበር ማለቱ ነውን? አይደለም። በወሊድ ጊዜ የተጎዳ ልጅ የሚነጻጸረው ካለመኖር ጋር ሳይሆን አዋላጇ በጊዜ ሐኪም ብትጠራ ኖሮ ከሚኖረው የራሱ ጤና ጋር ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2000 የሰበር ፍርድ ቤት፣ የእናቱ የጀርመን ኩፍኝ (ሩቤላ) ሳይታወቅ ቀርቶ ከነጉዳቱ ለተወለደ ልጅ በራሱ ስም ካሳ ሲፈቅድ፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት መወለዳችን እንደ ጉዳት ተቆጠረ ብለው ተቆጡ፤ በመጋቢት 2002 የወጣው ሕግም ማንም ሰው በመወለዱ ብቻ ተጎዳሁ ሊል አይችልም ብሎ ደነገገ። በወሊድ ክስ ውስጥ እንዲህ ያለ ክህደት የለም። ልጁን የወደደ ወላጅ የተወሰደበትን ነገር ለልጁ ይጠይቃል።

ሐኪሙም ሰው ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ያለ ምንም ጥፋቱ ሕፃን የገጨ የመኪና ሹፌርን አንሥቶ፣ አጠገቡ ከቆመው ተመልካች የተለየ ጸጸት እንደሚሰማውና መሰማቱም ትክክል እንደ ሆነ አስረዳ። ማዋለድ ይህን ጸጸት ከሌላው ሙያ ሁሉ ይበልጥ ያውቀዋል። የሚያሳዝነው የክስ ሥርዓት ጸጸቱን እንዲደብቅ ማስገደዱ ነው፤ «አዝናለሁ» ያለ ሐኪም ቃሉ ማስረጃ ሆኖ ይመጣበታል ተብሎ ይመከራል። የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1986 የሐዘን ቃል በማስረጃነት እንዳይቀርብ ሕግ ያወጣው፣ ሌሎች ግዛቶችም የተከተሉት ለዚህ ነው። ይህ ለማጽናኛ ይበቃል፤ ለንስሐ ግን አይበቃም። ጥፋት ባለበት ቦታ ጥፋቴ ነው የማይል ይቅርታ ወላጅን ይበልጥ ያቆስለዋል። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የያዘው መንገድ የተሻለ ነው፤ ስህተት ሲገኝ ተናግሮ ይቅርታ ጠይቆ ካሳውን ራሱ ያቀርባል፤ ስህተት ባልተገኘበት ግን ሐኪሙን በጽናት ይከላከላል። ክሶቹ ቀነሱ።

ከዚህም ርቃ የሄደችው ጃፓን ናት። በፉኩሺማ እናት በቀዶ ሕክምና ስትወልድ የሞተችበት አንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ታስሮ በ2008 ነጻ ተባለ፤ በዚያ ወቅት የማዋለድ አገልግሎታቸውን የዘጉ ሆስፒታሎች ጥቂት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 የተጀመረው የአገሪቱ ሥርዓት ከወሊድ ጋር የተያያዘ ከባድ ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ፣ የማን ጥፋት ነው ሳይባል በጠቅላላው 30 ሚሊዮን የን ይከፍላል፤ 6 ሚሊዮኑ መጀመሪያ፣ ቀሪው በ20 ዓመት በየዓመቱ 1.2 ሚሊዮን። ከክፍያው ጋር የሐኪሞችና የሕግ ባለሙያዎች ቡድን ምን እንደ ተደረገና ምን መደረግ እንደ ነበረበት መርምሮ ለወላጆቹም ለሆስፒታሉም በጽሑፍ ይሰጣል። ክስ አልተከለከለም። ወላጅ የሚፈልጋቸው ሁለት ነገሮች፣ እውነቱና የልጁ መኖሪያ፣ በመደበኛው ክስ ጥፋት ካልተረጋገጠ ሁለቱም ይቀራሉ፤ በጃፓን ግን ተለያይተው ይመጣሉ። ገንዘቡ ለዕድሜ ልክ እንክብካቤ አይበቃም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። የሕፃን ፍላጎት በአዋላጁ ጥፋተኛነት አይለካምና፤ ማንም ያላጠፋበት ልጅም እኩል ይራባል።

ጥፋት የማይጠይቅ ሥርዓት ሁሉ ግን ጻድቅ አይደለም። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቋቋመችው ፈንድ ወላጆች የመክሰስ መብታቸውን በአብዛኛው አጡ፤ ፈንዱም በምትኩ ሊሸፍን የሚገባውን እንክብካቤ እየከለከለ ቤተሰቦችን ሲያንገላታ መቆየቱ በጋዜጠኞች ምርመራ ሲጋለጥ፣ በ2021 ሕጉ ተሻሽሎ ለወላጆች የሚሰጠው ከ100,000 ወደ 250,000 ዶላር ከፍ አለ። በኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ በር ቢኖርም ጠባብ ነው። የሙያውን ደንብ የጣሰ ባለሙያ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 ይጠየቃል። ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ግን ሕጉ በወጣበት ዘመን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ቀርቷል፤ ከውል ውጭ ለሆነ ጉዳት የሚቀርብ ክስም በሁለት ዓመት ይታገዳል። ሴሬብራል ፓልሲ ብዙ ጊዜ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ልጁ ሁለት ዓመት ሲጠጋው ስለ ሆነ ይህ ጊዜ ለእንዲህ ያለ ልጅ አይበቃም። ክስ ሳይቀርብ ሲቀር ወጪው አይጠፋም፤ ሥራዋን ትታ ልጇን በጀርባዋ የምታመላልሰው እናት ትሸከመዋለች።

አብዛኛው ክስ በፍርድ ሳይሆን በድርድር ያልቃል። ድርድሩ ብዙ ጊዜ ምስጢር ይጠበቅ የሚል ውል አለው፤ ገንዘቡ እንዳይነገር፣ አንዳንዴም የሆነው ነገር ራሱ እንዳይወራ። ወላጅ ስለ ልጁ ሲል መፈረሙ አይወቀስም። ሆስፒታሉ ግን በዚያው ወረቀት የሚገዛው በዚያ ክፍል ነገ የምትወልደው እናት ማወቅ የሚገባትን ነገር ነው፤ ያንን የመሸጥ ሥልጣን የተሰጠው ወገን የለም። ሕግ የገንዘቡን መጠን ምስጢር ማድረግ ቢፈቅድ እንኳ የስህተቱን ምስጢርነት ሊከለክል ይገባል።

በእንግሊዝና በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የልጅ ካሳ ስምምነት ዳኛ ካላጸደቀው አይጸናም። ዳኛው ወላጆቹ መስማማታቸውን ብቻ አይቶ አያልፍም፤ ለልጁ ይበቃል ወይ፣ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ እስከ ሲሶ የሚደርሰው የጠበቃው ድርሻ ተገቢ ነው ወይ፣ ቀሪውስ በማን እጅ ይቀመጣል ብሎ ይመረምራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ገንዘቡ ልዩ የአደራ ፈንድ ውስጥ ከገባ ልጁ የመንግሥት የጤና ድጋፍ አይቋረጥበትም፤ ልጁ ሲሞት ከተረፈው ላይ መንግሥት ያወጣውን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ቤት ለመግዛት፣ መኪናውን ለተሽከርካሪ ወንበሩ ለማመቻቸት፣ ወይም ሥራ ትታ ለምታስታምመው እናት ደመወዝ ለመክፈል ወላጅ የፈንዱን ጠባቂ ያስፈቅዳል፤ ፈቃዱ የሚሰጠውም ወጪው ለልጁ ጥቅም መዋሉ ሲረጋገጥ ነው።